የስፕሪንግ ጎዳናዋ ባለርስት

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉን ልብ ብሎ ላጤነው ተናጋሪው ወንድ ነው፤ ሚስቲቱም ርስቱም የእሱ ናቸው። ሴቲቱ ከመሬቱ ጋር አብራ ትቆጠራለች እንጂ መሬቱ የእሷ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ የለም። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ቆም ብዬ እንዳሰላስለው ያደረገኝ ግን ከአገሬ እጅግ ርቄ፣ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከአንድ ጥቁር ግድግዳ ሥር ያነበብሁት ታሪክ ነው።

በዚያ ከተማ በኖርሁባቸው ዓመታት፣ እንደ ብዙው ያገሬ ልጅ ሁሉ፣ እኔም የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበርሁ። በከተማው እምብርት፣ ብሮድዌይና ስፕሪንግ በሚባሉት ሁለት ትላልቅ ጎዳናዎች መካከል፣ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አጠገብ ትንሽ መናፈሻ አለች። በመናፈሻዋ ውስጥ ርዝመቱ 25 ሜትር ያህል የሆነ ጥቁር የኮንክሪት ግድግዳ ቆሟል። በላዩ ላይ ዓመተ ምሕረቶች ተጽፈውበታል፤ የሠረገላ መንኮራኩር፣ የአዋላጅ ቦርሳ፣ የእንጨት አጥር ቅርጽ ተቀርጾበታል። ለብዙ ሳምንታት የሕንፃው ጌጥ መስሎኝ ጀርባዬን ሰጥቼው ምሳዬን ስበላ ከረምሁ። አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ስለነበር ዞር አልሁና ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ግድግዳው የቆመላቸው ሰው ቢዲ ሜሰን ይባላሉ። የተቀመጥሁበት መሬት የእሳቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ የዕድሜያቸውን እኩሌታ የሌላ ሰው ንብረት ሆነው ያሳለፉ ሴት ናቸው።

ያን ቀን የጀመረኝ ጉጉት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የሰውየው ንብረት የነበረ ሰው እንዴት የመሬት ባለቤት ይሆናል? ያውም ሴት፣ ያውም ጥቁር፣ ያውም በዚያ ዘመን? ያነበብሁትንና የተረዳሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላስታውቅ። አንደኛ፣ ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ ቢዲ ሜሰንን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ። ነጻ ከወጡ በኋላ ብቻ አንቱ ማለት፣ ክብራቸውን የሰጣቸው ዳኛው ነው እንደ ማለት ይቆጠርብኛል።

በሠረገላው ኋላ

ቢዲ ሜሰን በ1818 ነሐሴ ወር ተወለዱ። የተወለዱትም በጆርጂያ እንደነበረ ይነገራል። ሙሉ ስማቸው ብሪጅት ሲሆን የአባት ስም አልነበራቸውም፤ ለባሪያ የአባት ስም ማውጣት የተለመደ አልነበረምና። ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። የተማሩት ሌላ ነገር ነበር፦ ማዋለድ፣ በሽተኛ ማስታመም፣ ሥራ ሥርና ቅጠል ለይቶ መድኃኒት ማድረግ። ይህን ዕውቀት ያገኙት ከሌሎች ባሪያዎች ከሴቶቹ ነው። ጌቶቻቸው ከሰጧቸው ነገር ሁሉ ይልቅ ኋላ የጠቀማቸው ይኸው ጌቶቻቸው ያልሰጧቸው ሙያ ሆነ።

ጌታቸው ሮበርት ስሚዝ የሚባል የሚሲሲፒ ገበሬ ነበር። ይህ ሰው የሞርሞንን እምነት ተቀበለና በ1848 ከሌሎች የእምነቱ ተከታዮች ጋር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዩታ ተነሣ። ነጮቹ በሠረገላ ሲጓዙ ቢዲ ከሠረገላዎቹ ኋላ ከብት እየነዱ በእግራቸው ተጓዙ። መንገዱ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቀጥታ መስመር ካይሮ እንደ መድረስ ማለት ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፦ ኤለን፣ አንና ሃሪየት። የመጨረሻዋ ሃሪየት ገና ጡት አልጣለችም። ከብት መንዳት፣ ሲሰፍሩ ምግብ ማብሰል፣ በመንገድ ላይ ምጥ የመጣባትን ማዋለድ፣ የራስን ልጅ ማጥባት፤ ይህ ሁሉ የአንዲት ሴት የቀን ሥራ ነበር።

ዩታ ከደረሱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1851፣ ስሚዝ እንደገና ተነሣ። የአሁኑ ጉዞ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ወደምትባል አዲስ የሞርሞኖች ሰፈር ነበር። ስሚዝ በዚህ ጉዞ አንድ ነገር ሳይዘነጋ አልቀረም፤ ወይም አውቆ አደፋፍሮታል። ካሊፎርኒያ በ1849 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ባርነትን ከልክላ፣ በ1850 ነጻ ግዛት ሆና ነበር ወደ አሜሪካ ኅብረት የገባችው። ቢዲ የካሊፎርኒያን አፈር በረገጡ ጊዜ ሕጉ የሚለው ነጻ ሰው እንደሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ላይ ተጽፎ መቀመጡ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ዘንድ መድረሱ ሌላ ነው። ቢዲ ከአራት ዓመት በላይ በነጻ አገር ባሪያ ሆነው ኖሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ካሊፎርኒያን የነጻነት ምድር አድርጎ እንዳይመለከታት አደራ እላለሁ። ጥቁር ሰው በፍርድ ቤት በነጭ ላይ እንዳይመሰክር የሚከለክል ሕግ እስከ 1863 ድረስ ይሠራባት ነበር። በ1852 ደግሞ ከነጻነቱ ዘመን በፊት ከጌቶቻቸው ጋር የመጡ ባሪያዎች ተይዘው እንዲመለሱ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወርቅ ማዕድን ሠርተው የራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ሦስት ጥቁሮች ወደ ሚሲሲፒ ጌታቸው እንዲመለሱ ፈርዷል። በሎስ አንጀለስም የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ሕንዶች ሰክራችኋል እየተባሉ ይታሰሩና፣ መቀጫቸውን ለከፈለ ሰው የሳምንት ጉልበታቸው በጨረታ ይሸጥ ነበር። የባርነት ስሙ ተከልክሎ ግብሩ በሌላ በር ገብቶ ነበር ማለት ይቻላል።

በዳኛው ክፍል

በ1855 መጨረሻ ስሚዝ ሦስተኛውን ጉዞ አሰበ። ወደ ቴክሳስ። ቴክሳስ የባርነት አገር ናት። ነጻ ጥቁር እንዲገባባት እንኳ አትፈቅድም። ቢዲ ይህን ጉዞ ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ፈርተውት እንደነበር ኋላ ለዳኛው ተናግረዋል። ስሚዝ ግን «እዚያም እንደዚሁ ነጻ ትሆኛላችሁ» ዓይነት ነገር ብሎ አረጋግቷቸው ነበር።

ደግነቱ ቢዲ በዚያን ጊዜ ብቻቸውን አልነበሩም። በሳን በርናርዲኖ ነጻ የሆኑ ጥቁሮችን ተዋውቀዋል። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ሮበርት ኦወንስ የሚባል፣ ራሱ ከባርነት የወጣ፣ በፈረስና በከብት ንግድ የታወቀ ጥቁር ነጋዴ ነበር። የዚህ ሰው ልጅ ቻርልስ የቢዲን ትልቋን ልጅ ኤለንን ወድዷል። እንግዲህ ታሪክ እንዲህ ነው፤ የአንድ ጎረምሳ ፍቅር የአሥራ አራት ሰው ነጻነት ምክንያት ሲሆን ይገኛል። ስሚዝ ባሪያዎቹን ይዞ ከሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በአንድ ሸለቆ ሰፍሮ መንገዱን ሲያሰናዳ፣ ወሬው ለኦወንስ ደረሰ። ከኦወንስም ለሸሪፉ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሰዎቹ ተይዘው እንዲቀርቡ፣ በምን መብት እንደተያዙም ስሚዝ እንዲያስረዳ አዘዘ። ይህ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚባለው ነው።

ጉዳዩ በጥር 1856 በዳኛ ቤንጃሚን ሄይስ ፊት ቀረበ። በአቤቱታው የተካተቱት 14 ናቸው፤ ቢዲና ሦስት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ሐና የምትባል ሌላ ሴት ከልጆቿና ከልጅ ልጇ ጋር። ስሚዝ የተከራከረው እነዚህ ሰዎች ባሪያዎቼ ሳይሆኑ ቤተሰቦቼ ናቸው፣ አበላቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ በፈቃዳቸው ነው የሚከተሉኝ በማለት ነበር። ይህ ክርክር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በየአገሩ የባርነት ጠበቃ ሲቸግረው የሚመዘው ካርታ ይኸው ነው። «እንደ ልጄ ነው የማየው» ይላል።

ቢዲ በችሎት ቆመው በስሚዝ ላይ እንዳይመሰክሩ ሕጉ አፋቸውን ይዟል። በዚህ ላይ ጠበቃቸው በመሐል ጥሏቸው ሄደ። ዳኛው ግን መላ ፈጠረ። ቢዲንና ሐናን ወደ ክፍሉ አስገብቶ፣ ታማኝ ምስክሮች ባሉበት፣ በግል ጠየቃቸው። ቢዲ የታዘዙትን ሁሉ ሲሠሩ እንደኖሩ፣ ወደ ቴክሳስ ግን መሄድ እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ሐና በፍርሃት ቃላቸው ተያዘ። ዳኛው ያንን መንተባተብ ራሱን እንደ ምስክርነት ቈጠረው።

ጥር 19 ቀን 1856 ሄይስ 14ቱም ሰዎች ነጻ እንደሆኑ፣ ለዘለዓለሙም ነጻ እንደሚሆኑ ፈረደ። ቢዲ 37 ዓመታቸው ነበር።

ይህ ፍርድ ምን ያህል በምላጭ ጫፍ ላይ የቆመ እንደነበር ለማየት ግራና ቀኙን መመልከት ይበቃል። የ1852ቱ ባሪያ አስመላሽ ሕግ ዘመኑ ያበቃው በ1855 ነው፤ ክሱ ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ሦስቱ የወርቅ ቈፋሪዎች ይመሰክራሉ። ክሱ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በ1857 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በድሬድ ስኮት ጉዳይ ላይ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፣ በነጻ ግዛት መኖሩም ነጻ አያወጣውም ብሎ የወሰነበት ዘመን ይደርስ ነበር። ቢዲ በሁለት በሮች መካከል በነበረች ጠባብ ክፍተት ሾልከው ወጡ። ሕግ እንዲህ በዓመት የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ሰው በሕግ ያገኘውን ነጻነት በምን ይዞ ያቆየዋል?

የቢዲ ቀሪ ሕይወት የዚህ ጥያቄ መልስ ይመስለኛል።

250 ዶላር

ነጻ የወጡት ቢዲ ሜሰን የሚለውን ስም ያዙና ከልጆቻቸው ጋር ወደ ሎስ አንጀለስ መጡ። መጀመሪያ ያስጠጓቸው ኦወንሶች ናቸው። ኤለንም ቻርልስን አገባች። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ትንሽና አቧራማ ነበረች። በ1850 የነበራት ሕዝብ 1,610 ብቻ ነው። ቢዲ ጆን ግሪፈን በሚባል ሐኪም ዘንድ በአዋላጅነትና በአስታማሚነት ተቀጠሩ፤ ደመወዛቸውም በቀን 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። በቦርሳቸው የማዋለጃ ዕቃቸውን ይዘው በየቤቱ ይዞሩ ጀመር። የባለጸጋውንም፣ የድሃውንም፣ የነጩንም፣ የሜክሲኮውንም፣ የሕንዱንም ልጅ ተቀበሉ። ፈንጣጣ በከተማው በገባ ጊዜ ሌላው ሲሸሽ እሳቸው በሽተኛ አስታመሙ። ወህኒ ቤት ድረስ እየሄዱም እስረኞችን ይንከባከቡ ነበር።

በዚህ ሁኔታ አሥር ዓመት ሠሩ፤ ቈጠቡም። በ1866 ኅዳር ወር በስፕሪንግ ጎዳና፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መንገድ መካከል፣ ሁለት ቦታዎች በ250 ዶላር ገዙ። በዚያን ጊዜ ቦታው ከከተማው ዳር ያለ፣ የወይንና የአትክልት ማሳ የከበበው ነበር። በሎስ አንጀለስ በራሳቸው ስም መሬት ከገዙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ ሆኑ።

ሒሳቡን እስቲ አብረን እንሥራ። 250 ዶላር ለ2 ዶላር ከ50 ሲካፈል 100 ይመጣል። የመሬቱ ዋጋ የመቶ ቀን ደመወዝ ነው። ያንን የመቶ ቀን ደመወዝ ለማጠራቀም ግን አሥር ዓመት ፈጀባቸው። ምክንያቱም ልጆች ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፤ የቤት ኪራይ አለ፤ ሥራውም በየቀኑ አይገኝም። በመኪና ማቆሚያ ሠርቶ የሰዓት ደመወዙን የሚቈጥር ሰው ይህን ሒሳብ ሳያስረዱት ይገባዋል።

በሽያጭ ውሉ ላይ የቢዲ ፊርማ የለም፤ ኤክስ የምትመስል ምልክት ናት ያለችው። በእኛ አገር ያልተማረ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ እንደሚፈርመው መሆኑ ነው። ያቺን ምልክት ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህች ሴት በሕይወታቸው ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ ሰፍረዋል። መጀመሪያ የሰፈሩት እንደ ከብትና እንደ ሠረገላ በሌላው ሰው ሀብት ዝርዝር ውስጥ ነው። ሁለተኛ የሰፈሩት በዳኛው ፍርድ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ስለ እሳቸው በጻፈው ቃል ነው። በሦስተኛው ወረቀት ላይ ግን ራሳቸው እጃቸውን አሳረፉ። አንዲት መስቀለኛ ጭረት ብትሆንም የራሳቸው ናት። ማንበብ የማይችሉ ሴት ወረቀት ማለት ምን እንደሆነ ካነበቡት ሰዎች ይልቅ ያውቁ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን በብዙው የአሜሪካ ግዛት ያገባች ሴት ንብረቷ ለባሏ ይተላለፍ ነበር። ካሊፎርኒያ ከስፓኝና ከሜክሲኮ ዘመን በወረሰችው ልማድ ያገባች ሴት እንኳ የግል ንብረቷን እንድትይዝ ፈቅዳለች። ቢዲ ደግሞ ባል አላገቡም። ስለዚህ መሬቱ የማንም ሚስት ርስት አልሆነም፤ የብሪጅት ሜሰን ርስት ሆነ። መግቢያዬ ላይ የጠቀስሁትን ተረት እንግዲህ እዚህ ላይ አስታውሱልኝ።

መሬት ያላገኙት

ቢዲ መሬቱን የገዙበትን ዓመት ልብ እንበለው። በ1865 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አልቆ አራት ሚሊዮን የሚያህሉ ባሪያዎች ነጻ ወጡ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ጄኔራል ሸርማን በደቡብ ጠረፍ ለነጻ ወጪዎች በቤተሰብ እስከ 40 ኤከር መሬት እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ብዙ ሺህ ሰዎችም ሰፍረው ማረስ ጀመሩ። ፕሬዚዳንት ሊንከን ተገድለው በምትካቸው የተቀመጡት አንድሩ ጆንሰን ግን ዓመቱ ሳያልቅ መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረጉ። በዚህም ምክንያት ትናንት ባሪያ የነበረው ዛሬ በዚያው በጌታው ማሳ ላይ ጢሰኛ ሆነ። ዘሩን፣ በቅሎውን፣ ሞፈር ቀንበሩን ከባለመሬቱ ተበድሮ እኩል ያርሳል፤ ምርቱ ሲገባ ዕዳው ከምርቱ ይበልጣል። ነጻነቱ በአዋጅ ተሰጠው፣ ኑሮው ግን ከጌታው እጅ አልወጣም።

ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በእኛም አገር ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ በ1942፣ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ወጥቷል። አዋጁ ግን የሰውን ሰንሰለት ፈታ እንጂ መሬት አልሰጠም። ነጻ የወጣው ብዙ ሰው እዚያው ጌታው ደጅ በአሽከርነት ወይም በጢሰኝነት ቀረ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ጎዳና ሲወጡ በጩኸታቸው ውስጥ የእነዚህም ሰዎች ዝምታ ነበረበት። ከመካከላቸው ግን የስንቱን ስም እናውቃለን? በጓዳው ወልዳ በጓዳው የሞተችውን፣ በስም እንኳ ስትጠራ ጌታዋን የሚያወድስ ስም የወጣላትን ሴት የሚያስታውስ ግድግዳ የት አለ?

ስለዚህ የቢዲን ታሪክ «የሠራ ያገኛል» በሚል ምክር ብቻ የሚተርኩትን ሰዎች አልስማማቸውም። መሥራትማ በሚሲሲፒ ጥጥ ማሳ የቀሩትም ሠርተዋል። ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ሠርተዋል። ቢዲን ለየት ያደረጋቸው ለሠሩበት ደመወዝ የሚያገኙበት ቦታ መድረሳቸው፣ ወሬ የሚያቀብልና ቤቱን የሚከፍት ጎረቤት ማግኘታቸው፣ የሚሰማ ዳኛ ፊት መቅረባቸው፣ ከዚያም በላይ መሬት ሻጩ የእሳቸውን ገንዘብ ለመቀበል እምቢ አለማለቱ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መገጣጠሙ የቢዲ ዕድል ነው። ለሌሎቹ አለመገጣጠሙ ግን ዕድል ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የተወሰነባቸው ነገር ነው።

የተዘረጋ እጅ

ከተማዋ እያደገች ሄደች። በ1876 ባቡር ገባ፤ በ1880ዎቹ ሌላ ባቡር ተጨመረ። በ1890 ሕዝቧ 50,000 ደረሰ። ዳር የነበረው የቢዲ ቦታ መሐል ከተማ ሆነ። ቢዲ መጀመሪያ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች ሠርተው አከራዩ። በ1884 ከቦታው ከፊሉን በ1,500 ዶላር ሸጡና በቀረው ላይ የጡብ ሕንፃ አቆሙ፤ ምድር ቤቱን አከራይተው እሳቸው ከላይ ኖሩ። በ1885 ለልጅ ልጆቻቸው ከመሬቱ ቈርሰው ሲያስተላልፉ በውሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ ፍቅርና 10 ዶላር ነው። ልጆቼ እንደ ንብረት ይሸጡብኛል ብለው ሲሰጉ የኖሩ እናት ለልጅ ልጆቻቸው ንብረት ሲያወርሱ በዋጋው ቦታ ፍቅር የሚል ቃል አስገቡ። እኔ ስለ ርስት ካነበብሁት ውል ሁሉ እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም።

ባለጸጋ ሲሆኑ እጃቸው አልታጠፈም። በ1872 የሎስ አንጀለስ የመጀመሪያው የአፍሪካውያን ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በእሳቸው ቤት በተደረገ ስብሰባ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግብርና የሰባኪውን ደመወዝም ይከፍሉ ነበር። በ1880ዎቹ ጎርፍ ብዙ ሰው ቤት አልባ ባደረገ ጊዜ ከአንድ ባለሱቅ ጋር ተነጋግረው የተቸገረ ሁሉ፣ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ በእሳቸው ሒሳብ ምግብ እንዲወስድ አደረጉ። በደጃቸው ችግረኛ ተሰልፎ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። ሰፈርተኛው «አያታችን ሜሰን» ይላቸው ነበር። የተጨበጠ እጅ መልካም ነገር አይገባበትም፣ የተዘረጋ እጅ ግን ሲሰጥም ይቀበላል ይሉ እንደነበር ዘሮቻቸው አውርተዋል።

መሬቱ የሰጣቸው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ባሪያም ይሰጣል፤ ጉልበቱን፣ ልጆቹን፣ ዕንቅልፉን ይሰጣል። ግን ተነጥቆ ነው። መስጠት የሚባለው እምቢ ማለት የሚችል ሰው ሲያደርገው ነው። ቢዲ ከዚያች 250 ዶላር ወዲህ የሰጡትን ሁሉ የሰጡት የራሳቸው ደጅ ላይ ቆመው ነው።

ድንጋይ የሌለው መቃብር

ቢዲ ሜሰን በጥር 1891 በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። የተቀበሩትም ኤቨርግሪን በሚባል መካነ መቃብር ነው። የልጅ ልጃቸው ሮበርት ኦወንስ ከሎስ አንጀለስ ታላላቅ ጥቁር ባለጸጎች አንዱ ሆነ። ስፕሪንግ ጎዳና የባንኮች ሰፈር ሆነ። የቢዲ መቃብር ግን ከ97 ዓመት በላይ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ሳይቆምለት ቀረ። በመጋቢት 1988 ብቻ፣ የከተማው የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ቶም ብራድሊና በቤታቸው የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በተገኙበት፣ የመቃብር ድንጋያቸው ቆመ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1989፣ ያ ጥቁር ግድግዳ ተመረቀ። የታሪክ ምሁሯ ዶሎሬስ ሄይደን ባስተባበረችው ሥራ የሠራችው ሠዓሊ ሺላ ዴ ብሬትቪል ናት።

መሬቱ ዛሬ የሜሰን ቤተሰብ አይደለም። መኪና ማቆሚያና ሱቅ ሆኗል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረታችን በእሳቸው ላይ የሠራው በዚያች ግድግዳ በኩል ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ሆኗል። እኚህን ሴት ዛሬ የምናውቃቸው የመሬት ውል ስለተዉ ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ የታሪክ ሰዎቹ የሚጀምሩበት ክር ይጠፋቸው ነበር። ከእሳቸው ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ፍርድ ነጻ የወጡትን የሐናን ስም የሚያነሣ ሰው ጥቂት የሆነውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም በዳኛው ክፍል ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱም ፈርተው ነበር፤ ሁለቱም ነጻ ወጡ።

በሎስ አንጀለስ የእኛ ሰዎች የንግድ ሰፈር የሚገኘው በፌርፋክስ ጎዳና ነው፤ ከተማው ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። እዚያ እንጀራ በልቶ የሚወጣ ሰው ጥቂት ወደ ደቡብ ቢራመድ ፒኮ የሚባል ሰፊ ጎዳና ያገኛል። ስሙን ያገኘው ከመጨረሻው የሜክሲኮ አገረ ገዥ ከፒዮ ፒኮ ነው፤ እሱም የአፍሪካ ደም ያለበት ሰው ነበር። በ1781 ከተማዋን ከመሠረቱት 44 ሰዎች መካከልም ከእኩሌታው በላይ የአፍሪካ ዘር ነበረባቸው። በዚያ ከተማ ባይተዋር ነኝ ብዬ በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ በቀድሞ ጥቁሮች አሻራ ላይ እየተራመድሁ እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሥራዬን ትቼ ወደ ሌላ በተዛወርሁበት ሳምንት አንድ ቀን ምሳዬን ይዤ እዚያው ሄድሁ። በዚያን ዕለት ግን ጀርባዬን አልሰጠሁም። ፊት ለፊት ተቀምጬ በላሁ። ከእግሬ ሥር ያለው በ250 ዶላር የተገዛ መሬት ነው። የመቶ ቀን ደመወዝ፣ የአሥር ዓመት ቁጠባ፣ የ37 ዓመት ባርነት ዋጋው ነው። ግድግዳው ላይ ያልተጻፉትን ሴቶች፣ የእነሱንም የእኛንም፣ ማን ይጻፋቸው? ይህን ጥያቄ እዚያው ትቼው ለመምጣት አልቻልሁምና ለእናንተ አመጣሁት።